የሙሽሮቹ ረድፍ

አባቴ በላንድሮቨር ሲሄድ አደራ የሰጠኝ እናቴን አልነበረም፤ የብስኩት ቆርቆሮውን ነው። አንድ እግሩን መኪናው ውስጥ አስገብቶ ዞር አለና «ዓለሜ፣ ደረጃቸው እንዳይወርድ፤ አደራ» አለኝ። ደጃፍ ላይ የቆመችውን እናቴን አየት አድርጎ ራሱን ብቻ ነቀነቀላት። እኔ በሰፈሩ ሰው ሁሉ ፊት በስሜ ተጠርቼ አደራ በመቀበሌ ከቁስቋም እስከ ዊንጌት ካለ ልጅ ሁሉ የምበልጥ መሰለኝና ደረቴን ነፋሁ።

ዘመኑ 1971 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ዓለምነሽ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ግዛቸው የባለሱቆችን ሚዛን ይጠግናል፤ እናቴ ደሳለች ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። መኪናው ከሄደ በኋላ እናቴ አጠገቧ አስቀምጣኝ፣ አባትሽ ጋምቤላ ተልኳል፣ የመንግሥት እርሻ ሚዛኖች ተበላሽተው እሱን ፈለጉት አለችኝ። አመንኳት። መንግሥት መኪና የላከለት፣ መሣሪያ የያዙ ሁለት ሰዎች ያጀቡት፣ የቀበሌው ሊቀመንበር በሩ ድረስ መጥቶ የሸኘው ሌላ ሚዛን ጠጋኝ ጉለሌ ውስጥ የት አለ? በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄጄ አወራሁት። መምህሬ ወደ ጥግ ወስዳኝ ሁለተኛ ለማንም እንዳልናገር አስጠነቀቀችኝ። ቀንታ ነው ብዬ ተውኳት።

ዛሬ እንደማውቀው ነገሩ ሌላ ነበር። የምንሄድበት ጸሎት ቤት ከታሸገ በኋላ አባቴ ሰዎችን በየቤቱ እየሰበሰበ መጸለዩን አልተወም ነበር። የታሰረውም እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ጠዋት አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ረፋዱ ላይ ይደርሳል። ጎረቤቱ በሙሉ ያውቅ ነበር። አባቴን ጋምቤላ ያስቀመጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

የቆርቆሮው ታሪክ እንዲህ ነው። አሮጌ ባለሱቆች የብረት ክብደት ሲጎድልባቸው በጠገራ ብር ይመዝናሉ፤ ማርትሬዛውም የምኒልኩም ምን ያህል እንደሚከብድ የታወቀ ነውና። አባቴ ሚዛናቸውን ጠግኖ ትክክለኛውን ክብደት ሲያመጣላቸው «እንግዲህ ይሄ ምን ይሠራልናል» ብለው አሮጌውን ብር ለእሱ ይሰጡታል። እንዲህ እያለ ቆርቆሮው ሞላ። አባቴ አንዱንም አይሸጥም፤ ማየት ብቻ ነው ሥራው። ውስጡን በካርቶን በአራት ረድፍ ከፍሎ፣ ለየረድፉ ከራሱ ስም አውጥቶ ነበር። ሙሽራ የሚላት ገበያ ያልወጣችውን፣ የንጉሡ ጢም ሳይቀር ጥርት ብሎ የሚታይባትን ነው። እመቤት ከፍ ከፍ ያሉት ቦታዎቿ ብቻ የተዳበሱ ናት። ገበያተኛ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ፊቷ ሳስቷል። አሮጊት ደግሞ ጥላዋ ብቻ ነው የቀረው። ሕጉ አንድ ነው፤ ደረጃ ይወርዳል እንጂ አይወጣም።

እንዴት እንደሚታይ ያስተማረኝ ሸጎሌ የከብት ገበያ ወስዶ ነው። በሬ የሚገዙትን ሰዎች ከዳር ቆመን ተመለከትን። ደህና ገዢ መጀመሪያ ጥርሱን ያያል፣ ቀጥሎ ሰኮናውን፣ ቀጥሎ ቆዳውን፣ ከዚያ ዞሮ በሌላው ጎን ያንኑ ይደግማል። አንድ ቀንዱ ያማረ በሬ መጣና አንዱ ገዢ ጥርሱን ትቶ ቀንዱን እያሻሸ ማድነቅ ጀመረ። አባቴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ «ይሄ ሰውዬ ዛሬ ተበላ» አለኝ። ብርም እንደዚያው ነው አለ፤ መጀመሪያ ጠርዟ፣ ቀጥሎ ከፍ ያለው ቦታ፣ ቀጥሎ ባዶው ሜዳ፣ ከዚያ ገልብጦ እንደገና ከጠርዝ መጀመር። ብትቸኩይም፣ ብታምርሽም፣ ብታስጠላሽም ተርታው አይዘለልም።

ጀማሪ ሁሉ የሚሠራውን ስህተት እኔም ሠርቻለሁ። የጎረቤታችን የባለሱቁ የጋሽ ሸፊ ሚስት እትዬ ጀዊሪያ ለኢድ የአንገቷን ብር በሎሚና በአመድ ስታሽ አየሁና፣ አባቴን ላስደስተው ብዬ ከሙሽሮቹ አንዷን ማርትሬዛ እንደዚያው አሸኋት። እንደ መስታወት አበራች። አባቴ ሲያያት ፊቱ ጠቆረ፤ ግን አልተቆጣኝም። ጥቁረቷ ቆዳዋ ነበር አለኝ። ብር ሲፋቅ የተፋቀው ቦታ ነጭ ሆኖ ያበራል፣ እየቆየ ነው ተመልሶ የሚጠቁረው፤ ስለዚህ የሚያበራ ቦታ ስታይ ጉዳቱ አዲስ ነው ማለት ነው አለኝ። ከዚያ ማርትሬዛዋን አንስቶ ከገበያተኞቹ ጋር አስቀመጣት፤ እኔም ሁለተኛ ሎሚና ብር አላገናኘሁም።

ከሁሉም የምወዳት የምኒልክን የብር ግርሽ ነበር። ከሸሚዝ ቁልፍ ብዙ አትበልጥም። በአንድ ፊቷ ዘውድ የደፋ ንጉሥ፣ በሌላው አንድ እግሩን ያነሳ አንበሳ አለባት። በአባቴ ማጉያ መነጽር ሲያዩት የአንበሳው ጎፈር ጭፍግ ብሎ ይታያል። ከትንንሾቹ መካከል ሙሽራ እሷ ብቻ ነበረች።

አባቴ ከሄደ ሁለት ወር ያህል ሆኖት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቆርቆሮውን ስከፍት ቦታዋ ባዶ ነው። እናቴ ሽሮ እያማሰለች እኔ ነኝ የወሰድኳት አለችኝ። የአባቴ እህት አስቻለች ታማ ከደሴ መጥታ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ምሳ ስወስድላት የወንድሟን ዕቃ ብታይ ትጽናናለች አለች። አክስቴን አይቻት አላውቅም ነበር። መጽናናት ከሆነ ከአሮጊቶቹ ውሰጂላት ብዬ ለመንኳት፣ እናቴ ግን ወይ ፍንክች። ግርሿን ምሳ ዕቃው በሚታሰርበት ጨርቅ ጠርዝ ውስጥ ከትታ በመርፌ ስትሰፋ አየኋት። አውቶቡስ ላይ እንዳትወድቅ ነው ብዬ ገመትኩ።

ከሰዓት በኋላ ግርሿ ተመለሰች። ሽሮ ሽሮ ትሸታለች። ከንጉሡ አፍንጫ ፊት ለፊት ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ደግሞ ቀጭን ነጭ ጭረት ወጥቶባታል። ደሜ ፈላ። ለእናቴ አሳየኋት፤ እሷ ግርሿን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ካየቻት በኋላ ፊቷ በራ፣ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ቆየ። የሰው ንብረት ተበላሽቶ እንዲህ ደስ የሚለው ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ወሰደቻት፣ እንደገና ተጭራ መጣች።

ጭረቱ የአባቴ ነበር። ከእስር ቤቱ የወጣ አንድ ሰው ጋሽ ሸፊ ሱቅ ጎራ ብሎ ሳሙና እየገዛ ነው መልእክቱን ያደረሰው፤ ከሙሽሮቹ ትንሿን በጨርቁ ጠርዝ ላኪልኝ፣ በሕይወት እስካለሁ ድረስ እጭርባታለሁ። ለምን ሙሽራዋን እንደመረጠ ለማንም ብር ሰብሳቢ ግልጽ ነው፤ አሮጊት ላይ አዲስ ጭረት ቢጨመር ማን ይለየዋል? ለምን ምልክት እንዳስፈለገም ሰፈሩ ያውቅ ነበር። ከእኛ ዝቅ ብላ የምትኖረው ወይዘሮ ሙሉ ለባሏ ምሳ ስታመላልስ ከርማ፣ ምሳ ዕቃው ባዶውን እየወጣላት ደህና ነው ስትል፣ ሰውዬው ከሞተ መቆየቱን የሰማችው ከሌላ እስረኛ ሚስት ነው። ምግቡን የሚበሉት ዘበኞቹ ነበሩ። እኔ የማውቀው ወይዘሮ ሙሉ አንድ ቀን ጥቁር ለብሳ መንገድ ዳር መቀመጧን ብቻ ነው። የራሷ ሰው አለመሞቱን እናቴ የምታውቅበት ሌላ መንገድ አልነበራትም፤ በየቅዳሜው አንድ ጭረት።

እኔ ግን ጠላቴን ለይቻለሁ። አክስቴ አስቻለች አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ በፀጉር ሹካዋ የአባቴን ሙሽራ ስትቧጭር በዓይነ ህሊናዬ ይታየኛል። ሽሮአችንን ትበላለች፣ ከዚያ ግርሻችንን ትቧጭራለች። አባቴ ሲመጣ እከሳታለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ክስ ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል።

ጋሽ ሸፊ ሲጋራ በፍሬ ስለሚሸጥ ባዶ ፓኮ አይጠፋውም። በውስጡ ያለውን ብርማ ወረቀት እየለመንኩ ወሰድኩ። ወረቀቱን ግርሿ ላይ አልብሼ በጣቴ ጫፍ በቀስታ ስጫነው ንጉሡም፣ አንበሳውም፣ ጭረቱም ሁሉ ይወጣል። በየቅዳሜው ግርሿ እንደተመለሰች ሁለቱንም ፊቷን አትሜ፣ ቅርጹ እንዳይጨፈለቅ በጥጥ አድርጌ በሳሙና ካርቶን ውስጥ እደረድራለሁ። ጋሽ ሸፊ ምን ሊያደርግልሽ ነው ብሎ ጠየቀኝ። አባባ ከጋምቤላ ሲመጣ አክስቴ ምን እንዳደረገች በተርታ ላሳየው ነው አልኩት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነበር። ዕቃ መደርደሩን ትቶ አየኝና «ጥሩ ነው፤ እንዳታቋርጪ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሳልለምነው ወረቀቱን እያስተካከለ ያስቀምጥልኝ ጀመር። የሚያዝንልኝ አልመሰለኝም፤ ከእኔ ጋር በአክስቴ ላይ ያደመ ነበር የመሰለኝ።

ሕግ ሕግ ነውና ግርሿን በገዛ እጄ ከሙሽሮቹ ወደ እመቤቶቹ አወረድኳት። ጭረቱ ሲበዛ ወደ ገበያተኞቹ ወረደች። ሳወርዳት እያለቀስኩ ነበር፤ ግን አወረድኳት። አደራ ማለት መደበቅ ሳይሆን ልክ ልኩን መያዝ ነው ብዬ ለራሴ እነግረው ነበር፤ ይሄን ማን እንዳስተማረኝ አላስታውስም።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ። ሐምሌ ነው፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ መንገዱን ይዞት እናቴ ከወትሮው ዘግይታ ገባች። እርጥብ ነጠላዋን ሳታወልቅ የጨርቁን ጠርዝ ተርትራ ግርሿን አወጣችና መስኮቱ ጋ ሄደች። የንጉሡን ፊት አየች። በቀሚሷ ጠርጋ እንደገና አየች። ወደ ብርሃን አዘንብላ እንደገና አየች። ከዚያ ግርሿን ስፌት መኪናው ላይ አስቀምጣ መሬት ላይ ቁጭ አለችና እትዬ ጀዊሪያን ጥሪልኝ አለችኝ።

ባልና ሚስቱ አብረው መጡ። ጋሽ ሸፊ ለጁምዓ ካልሆነ በቀን ሱቁን ሲዘጋ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔን ወደ ጓዳ አስገብተው መጋረጃውን ለቀቁት። መጋረጃ ደግሞ ወሬ አይከለክልም። እናቴ ምሳ ዕቃው ባዶውን ወጣልኝ፣ ምልክት ግን የለም ስትል ሰማኋት። እትዬ ጀዊሪያ በሻሿ አፏን አፍና ማልቀስ ጀመረች። እናቴ አላለቀሰችም፤ ድምፅዋ ደርቆ «ከእንግዲህ ለማን ነው የምመላለሰው? በቃ፣ አልሄድም» አለች።

ወዲያው ገባኝ፤ አክስቴ አስቻለች ሞታለች። ላዝን ሞከርኩ። ደህና ልጅ በዚህ ጊዜ ታለቅሳለች ብዬ ዓይኔን አሸሁት፤ እንባ የለም። እንዲያውም ከእንግዲህ ግርሿ ከቤት አትወጣም የሚል ሐሳብ መጣብኝና ትከሻዬ ቀለለኝ። የዕለቱ ምርመራዬ ግን አልተሠራም። ሰው ሞተ ተብሎ ቅዳሜ አይዘለልም። የአባቴን ማጉያ መነጽር ይዤ በመጋረጃው ስር ወጣሁና ግርሿን ከስፌት መኪናው ላይ አነሳኋት፤ ማንም አላየኝም።

ጠርዟን አየሁ፤ ደህና ነው። የንጉሡን ጉንጭና ዘውድ አየሁ፤ እንደነበረ ነው። ባዶውን ሜዳ አየሁ፤ የድሮዎቹ ጭረቶች ጠቆር ጠቆር ማለት ጀምረዋል፣ አዲስ የለም። አቅም አጥታ ሞተች ማለት ነው ብዬ ወደ ቆርቆሮው ልመልሳት እጄን ስዘረጋ ያ የሸጎሌው ቀንድ አሻሺ ትዝ አለኝ። ገለበጥኳት። ጠርዝ፣ ደህና። ከፍ ያለው ቦታ... የአንበሳው ጎፈር የለም። ጭፍግ ብሎ የነበረው ፀጉር ተደፍጥጦ ልሙጥ ሆኗል፤ ልሙጡም ነጭ ሆኖ ያበራል።

ሐዘናቸውን ረሳሁት። በመካከላቸው ገብቼ ቆምኩ።

«እማዬ፣ እትዬ አስቻለች ከመሞቷ በፊት አንበሳውንም አበላሽታዋለች።»

እትዬ ጀዊሪያ ልቅሶዋን አቆመች። እናቴ ቀና አለች።

«ምን አልሽ?»

«ጎፈሩን ፍቃዋለች። ዛሬ ነው የፋቀችው።»

ጋሽ ሸፊ ጎንበስ ብሎ ግርሿን ከእጄ ወሰደ። አየት አደረጋትና ለስለስ ባለ ድምፅ «ዓለሜ፣ የቆየ ይሆናል እኮ። እኛ ንጉሡን እንጂ አንበሳውን መቼ አይተነው እናውቃለን» አለኝ። ያኔ የተጠራጠረኝ መስሎኝ ተቀየምኩት። ዛሬ ሳስበው ለእናቴ ፈርቶላት ነው፤ አንዴ የሞተባት ሰው ተነሳ ተብላ እንደገና ቢሞትባት የማትችለው መሰለው።

«የቆየ አይደለም» አልኩ። «የቆየ ይጠቁራል። ይሄ ነጭ ነው።»

«ምናልባት ያለፈው ሳምንት ቢሆንስ?»

«ባለፈው ቅዳሜ ጎፈሩ ነበረ። ቆይ፣ አለኝ።»

ወደ ጓዳ ሮጬ የሳሙና ካርቶኔን ይዤ መጣሁ። ያለፈውን ቅዳሜ ብርማ ወረቀት ከጥጡ አውጥቼ ለጋሽ ሸፊ ሰጠሁት። እሱ ወረቀቱንና ግርሿን ጎን ለጎን መዳፉ ላይ አድርጎ ወደ በሩ ሄደ፤ ዝናቡ ደጃፉን እየመታው ነበር። ማጉያውን ከእኔ ተቀብሎ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ ተመልሶ አንዱን አየ። እኔ ቃሌ ብቻ ለምን አልበቃም ብዬ በንዴት እጆቼን ወገቤ ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ። እናቴ ከመሬቱ አልተነሳችም፤ ዓይኗ የጋሽ ሸፊ ጀርባ ላይ ነው።

ተመለሰና እናቴ ፊት ተንበርክኮ መዳፉን ዘረጋላት።

«እህቴ፣ ልጅቷ ልክ ናት። ያለፈው ጎፈር አለው፤ የዛሬው የለውም። ሲሚንቶ ላይ ነው የታሸው።»

እናቴ ማጉያውን ከዓይኗ አርቃ ስለያዘችው ምንም አልታያትም። ወደ ዓይንሽ አስጠጊው፣ ግርሿን ነው ማንቀሳቀስ ብዬ አሳየኋት። አየች። ከደረቷ አንድ ድምፅ ወጣና ስባ አቀፈችኝ፤ ማጉያው ደረቴን እስኪያመኝ ድረስ ጨመቀችኝ።

«የዛሬ ነው ዓለሜ? እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ። በጣም ጎድታታለች።»

«ትጉዳት» አለች እናቴ፣ እየሳቀች እያለቀሰች። «ትጉዳት ልጄ፣ በየቅዳሜው ትጉዳት።»

እናቴ አበደች አልኩ በልቤ። እትዬ ጀዊሪያም ሻሿን ጥላ አብራት እየሳቀች ነው። ጋሽ ሸፊ በሩ ላይ ፊቱን ወደ ዝናቡ አዙሮ ቆሟል። ለአባቴ አደራ የሚቆረቆር ሰው በዚያ ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር አልነበረም። እናቴ ሳቋ ሲያልፍላት ተነስታ ነጠላዋን አወለቀችና ምሳ ዕቃውን አጠበች፤ ለቀጣዩ ቅዳሜ ደርቆ እንዲጠብቃት ደፍታ አስቀመጠችው።

ያን ቀን እናቴ አልሄድም ብላ ቀርታ ቢሆን ኖሮ አባቴ ምን እንደሚሆን ያወቅኩት ካደግሁ በኋላ ነው። ሞቷል ብለው ቤተሰቦቻቸው መመላለስ የተዉባቸው ሰዎች እዚያ ውስጥ ነበሩ፤ ከሌላው እስረኛ ሰሃን እየተካፈሉ፣ ቀን በቀን እየከሱ። እናቴ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽሮዋን አማስላ ሄደች። ስትመለስም ጨርቁን ራሷ አልተረተረችውም፤ «ነይ፣ መጀመሪያ አንቺ እያት» ብላ ለእኔ ሰጠችኝ። አክስቴ አልሞተችም እንዴ ብዬ ስጠይቃት፣ ተሽሏታል አለችኝ። ትንሽ ቅር አለኝ።

ከዚያ ወዲያ የጎፈሩ ቦታ ሰፋ፣ የአንበሳው የተነሳ እግር ጠፋ፣ ቀጥሎ ፊቱ ጠፋ። እኔም ሳላሰልስ አየሁ፣ አተምኩ፣ ለእናቴ ነገርኳት። በየቅዳሜው እናቴ ስፌት መኪናዋ አጠገብ ቆማ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። «ጎድታታለች» ስላት ትቀመጣለች። ግርሿን ወደ አሮጊቶቹ ረድፍ ያወረድኳት ስድስተኛ ክፍል ስገባ ነው።

አባቴ የመጣው በ1974 መስከረም፣ አንድ ጠዋት፣ በእግሩ ነው። መኪና አልሸኘውም። ደጃፍ ላይ ቆሞ ሳየው አላወቅኩትም፤ ኮቱ ሰው ያልለበሰው ይመስል ነበር። «ዓለሜ» ሲለኝ ነው ያወቅኩት። እናቴ ካቀፈችውና እንባዋ ከቆመ በኋላ አባቴ ወንበር ላይ ተቀመጠና ጎረቤት ሳይሰማ ቆርቆሮውን አምጪ አለኝ።

አስረከብኩት። በየረድፉ እያለፍን ሁሉም እንደተዋቸው መሆናቸውን አሳየሁት። ከዚያ ግርሿን ከአሮጊቶቹ መካከል አውጥቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩና፣ አንድ ብቻ ተበላሽታብኛለች፣ ማስረጃ ግን አለኝ ብዬ የሳሙና ካርቶኖቼን ፊቱ ደረደርኩ።

«ማን ነው ያበላሻት?» አለኝ።

«እትዬ አስቻለች።»

አባቴ እናቴን አየ። እናቴ በእጇ አፏን ያዘች። ከዚያ አባቴ ሳቀ፤ የፊት ጥርሶቹ አልነበሩም፣ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ እንባውን በኮቱ እጅጌ ጠረገ። አክስቴ ደሴ ላይ ጤነኛ ሆና ልጆች ታስተምር እንደነበረ፣ በሕይወቷ አንድም ቀን ሆስፒታል ተኝታ እንደማታውቅ የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እጄን ይዛ፣ ቁጭ አድርጋ፣ ከላንድሮቨሩ ጀምራ ሁሉንም ነገረችኝ። አባቴ የጨመረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን ሐምሌ ጨለማ ክፍል አዛውረውት፣ የሚጭርባትን ሚስማር ስለወሰዱበት ወለሉ ላይ አሻት፤ የትኛው ፊቷ እንደታሸ ግን አላየም።

«ንጉሡ መስሎኝ ነበር» አለ።

ማጉያውን አንስቼ ግርሿን እንደገና በተርታ አየኋት። ጠርዝ፣ ከፍ ያለው ቦታ፣ ሜዳው። ያ ሁሉ የጠላሁት ጭረት። አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሲጠብቀኝ ቆይቶ፣ እሺ፣ አሁንስ ምን ደረጃ ትሰጫታለሽ አለኝ። አደራ አደራ ነው።

«አሮጊት» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀልኝ፤ ላንድሮቨሩ በር ላይ ቆሞ ለእናቴ እንደነቀነቀላት። «ልክ ነሽ» አለና በራሱ እጅ ወደ ረድፏ መለሳት።

አባቴ ካረፈ ዓመታት አለፉ። ቆርቆሮው አሁን እኔ ጋ ነው፤ እኔም በበኩሌ ጨምሬበታለሁ። በቅርቡ ብር መሰብሰብ የጀመረ ወጣት ሊማር ቤቴ መጥቶ ነበር። ቸኩሎ እንዳያይ ተርታውን አስተምሬው ከሙሽሮቹ ጀመርን። አንድ በአንድ እያየ፣ እያደነቀ መጥቶ በሙሽሮቹ ረድፍ መጨረሻዋ ላይ ቆመ። መልክ የሌላትን ትንሽ ግርሽ በማጉያው ገልብጦ ገልብጦ አየና አፍሮ ቀና አለ።

«ይቅርታ እማማ፣ ይቺ ተሳስታ ነው መሰል እዚህ የገባችው።»

«አልተሳሳተችም» አልኩት። «እኔ ነኝ ከአሮጊቶቹ ወደዚህ ያወጣኋት።»